ሞተር የማይፈራ ከተማ

ጨመዳ ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ ሁለት ነገር ሰጠው፤ የምስክር ወረቀትና ሃያ ዓመት የነዳትን አሮጌ ሞተር። ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ ከተተው። ሞተሯን ይዞ የሚኖርበት ከተማ መፈለግ ጀመረ።

ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። አንድ ልጁ ተረፋ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሰሜን ነው ያለው። በመጨረሻ ደብዳቤው «አባባ፣ ሜዳ ያለበት ከተማ ምረጥ፤ ስመለስ ሞተር ታስተምረኛለህ» ብሎ ጽፎለት ነበር። የሚኖርባት ነቀምት ደግሞ ዳገት ይበዛታል።

ዳገቱ ግን ሰበብ ነው። ጦርነቱ ከከፋ ወዲህ ጨመዳ ከአውራጃው መሥሪያ ቤት ይዞት የሚወጣው ደብዳቤ አብዛኛው የሞቱ ወታደሮች ስም ያለበት ነበር። እሱ ለቀበሌ ሊቀመንበር ያደርሳል፤ ሊቀመንበሩ ለሽማግሌዎች ይነግራል፤ ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሄደው ቤተሰቡን ያረዳሉ። ጨመዳ ደብዳቤውን አስረክቦ ወዲያው ስለሚመለስ መርዶ ሲነገር አንድም ቀን አይቶ አያውቅም።

ሰዉ ግን ሞተሯን ያውቃታል። የነቀምትን ጨለለቂ ሰፈር ሲያቋርጥ ከፊቱ በር ይዘጋል። ማንም ክፉ አልተናገረውም፤ ክፉ ቢናገሩት ይሻለው ነበር።

ጊምቢ ሄደ። ጥሩ ሜካኒክ አለ፤ የኩፖን ቤንዚንም አይጠፋም። የሚከራይ ቤት ሊያይ ቀስ ብሎ ሲነዳ አንዲት ሴት ደጇ ላይ ወጣች። ሞተሯ እስክታልፍ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆየች፤ ስታልፍ ተንበርክካ መሬት ሳመች። ጨመዳ ቤቱን ሳያይ ተመለሰ።

ሻምቡን «ብርዱ ለወገቤ አይሆንም» ብሎ ተዋት። እውነቱ ሻይ ቤት ሲገባ ወሬው ቀጥ ማለቱ ነው። ደምቢ ዶሎን አልሞከራትም።

«ሲሬን ለምን አያዩዋትም፣ ጋሼ?» አለው አበጋዝ፣ በእሱ ቦታ የተተካው ሞተረኛ። «የሲሬ ደብዳቤ በአውቶቡስ ነው የሚሄደው። ሞተርዎን የሚያውቃት የለም።»

አበጋዝን ሥራውን ያስተማረው ራሱ ጨመዳ ነው። ለሊቀመንበሩ ስጥ፤ ውሃ እንኳ አትጠጣ፤ ወደ ቤቶቹ አትይ፤ ተመለስ። አበጋዝ የሲሬን መንገድ ሊያስረዳው ሲጀምር ጨመዳ «ለቀባሪው አረዱት!» ብሎ ሳቀበት።

ሲሬ ላይ በር የዘጋ አልነበረም። ሻይ የምትሸጥ ሴት ሞተሯን ከፀሐይ አውጥቶ ጥላ ውስጥ እንዲያቆማት ነገረችው። ደስ አለው ማለት ይበዛል፤ ደረቱ ላይ የታሰረ ነገር ላላ።

ሁለት ክፍል የተከራየው ከድርቤ ነው፤ በዚያው ግቢ የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት። «ባጋ ነጋ ዱፍተኒ፣ ኦቦ ጨመዳ» ብላ፣ እንኳን ደህና መጡ ስትል ተቀበለችው። የእሷም ልጅ ሰሜን ዘምቷል። ማታ ማታ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ስለ ልጆቹ ያወሩ ነበር፤ የእሷ ጎመን አይወድም፣ የእሱ በእንቅልፉ ይናገራል።

አንዱን ክፍል ለተረፋ አልጋ አስገባበት። የተረፋ ደብዳቤ እንዳይጠፋበት አዲሱን ቀበሌውንና የቤት ቁጥሩን ለመሥሪያ ቤቱ ጽፎ ላከ። ሦስት ወር እንዲህ አለፈ።

አንድ ሐሙስ ወደ ምሽት ላይ የሞተር ድምፅ ሰማ። ሳያይ ለየው፤ አበጋዝ ነው፣ ማርሽ አሁንም እየታገለ ነው የሚያስገባው። ቀበሌው በር ላይ ቆመ፤ ገባ፤ ወጣ። ውሃ አልጠጣም። ወደ ቤቶቹ ሳያይ ሞተሩን አዙሮ ወደ ነቀምት ተመለሰ። ጨመዳ ሰላም ሳይለው በመሄዱ አልተቀየመም፤ ያስተማረው እሱ ነው። አውቶቡሱ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ አሰበ።

ጥቂት ቆይቶ የቀበሌው ዘበኛ መጥቶ ድርቤን ጠራት። ጨመዳ ደብዳቤው የልጇ መርዶ ነው ብሎ ገመተ። በሰበብ ጠርተው ጤናዋን ሊያዩ ነው፣ ልቧ ደካማ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል አለ ለራሱ።

ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

«ምነው፣ አዴ ድርቤ?»

«ጭስ ነው» አለች።

ቀበሌው ውስጥ ምድጃ የለም። የእናት ሆድ ሳይነግሩትም ያውቃል፣ አለ በልቡ።

እንደ ወትሮው ደጃፍ ላይ አልተቀመጡም። እራት ይዛለት መጣች፤ ይህን አድርጋ አታውቅም። «ይብሉ» አለችው፤ እስኪጨርስም ቆማ ጠበቀችው። የሚወርድለት አልነበረም፤ እሷን ላለማሳዘን ብሎ ግን ጠርጎ በላ። እሷ አንድም አልቆረሰችም።

ጨመዳ ጋደም ብሎ የእነዚያን ሁሉ ቤቶች ጠዋት አሰበ። ከሁሉም ሸሽቷል። ከዚህኛው እንደማይሸሽ ወሰነ፤ ቢያንስ ይህችን ሴት ሲያረዷት አጠገቧ ይቆማል።

ጎህ ሳይቀድ ጋቢውን ለብሶ የግቢውን በር ከፈተ። ሽማግሌዎቹ በትራቸውን ይዘው አንድ በአንድ ገቡ፤ ሊቀመንበሩም አብሯቸው ነበር። ጨመዳ እጅ ነሣቸውና ወደ ድርቤ ቤት ቀደማቸው።

«እኔም አብሬያችሁ ልግባ» አላቸው በቀስታ። «ሴትዮዋ ብቻዋን ናት።»

ማንም አልተከተለውም። የድርቤ በር ገርበብ ብሏል፤ ውስጡ ሰው የለም። ዞር አለ።

ድርቤ ከሽማግሌዎቹ ኋላ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ለእሱ ወንበር ይዛ ቆማ ነበር።