መጡ

ኩሊው የጋቢውን ሸክም ከጀርባው አውርዶ ወገቡን ያዘ። የሸማ ተራ ነጋዴ ሁሉ ሽበቱን እያየም «አንተ» ነበር የሚለው። ባለሱቋም ዓይኗን ከምታጣጥፈው ነጠላ ሳታነሳ፣ «እዚያ ጥግ አድርገውና ሂድ፣ አንተ» አለችው።

የሦስት ዓመት ልጇ ናኢማ በርጩማዋ ላይ ሆና ታየዋለች። ባለፈው ሳምንት እናቷ «አያትሽ መጡ» ስትላት ሮጣ ወጥታ፣ ያገኘችው አንድ ሽማግሌ ብቻ ቢሆንባት፣ «ሌሎቹስ?» እያለች ከኋላቸው ስትፈልግ ጎረቤቱን ሁሉ አስቃ ነበር። «ትልቅ ሰው ብቻውን ቢመጣም መጡ ነው የሚባለው» ብላ አስረዳቻት እናቷ። አሁን ልጅቷ የኩሊውን ነጭ ጢም ትኩር ብላ አየች። ከበርጩማዋ ወረደችና በሁለት እጇ እየገፋች አቀረበችለት።

«ይቀመጡ» አለችው።

ሰውዬው ማን እንደመጣ ሊያይ ዞረ። በሩ ላይ ማንም የለም።

«አንተን እኮ ነው!» አለች ናኢማ እየሳቀች።

የእናትየዋ እጅ ነጠላው ላይ ቆመ። ብድግ ብላ ውሃ ቀዳችና በሁለት እጇ ዘረጋችለት።

«እርስዎን ማለቷ ነው፣ አባባ» አለች ቀስ ብላ። «ይቀመጡ።»

ተቀመጡ።