ባዝ ላይ የቀረችው

ሃይሚ ስልኳን ከውኃው ብርጭቆ ጋር አስደግፋ ፎቶዎቹን በጣቷ እየገፋች ታሳያለች። እናቷ ወይዘሮ ኢትዮጵያ መነጽራቸውን ሰክተው እያንዳንዱን ያያሉ።

«ይኼ ሮያል ክሬሰንት የሚሉት ነው፣ ማሚ። ቤቶቹ እንደ ግማሽ ጨረቃ ነው የተሰለፉት። ይኼ ደግሞ የሮማውያን መታጠቢያ። አሁን ሙዝየም ሆኗል። ውኃው እንደ ፍልውኃ ከመሬት ፈልቶ ነው የሚወጣው፣ አይገርምም?»

«ይገርማል።»

«ይኼ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ነው። ድሮ ድሮ የእንግሊዝ ንጉሥ ዘውድ የጫነው እዚህ ነው አሉ። ሶ፣ እኔ ቱር ይዤ ነበርና ጋይዷ...»

የምሳ ሰዓት ነው፤ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለችው የሐበሻ ምግብ ቤት ጢም ብላለች። ሃይሚ ከእንግሊዝ የገባችው ትናንት ነው። ዛሬ እናቷን ከሚኖሩበት ከፓልምስ ሰፈር ይዛቸው መጣች። ወይዘሮ ኢትዮጵያ ልጃቸውን ያውቋታል፤ መጥፎ ወሬ የያዘች ቀን ወሬ ታበዛለች።

እሳቸው የተወለዱት እዚያው ፎቶዎቹ ላይ ባለችው የእንግሊዝ ከተማ፣ ባዝ ነው። ጣሊያን አገሩን ሲይዝ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያች ከተማ በስደት በቆዩባቸው ዓመታት፣ እናታቸው ውብነሽ አብረው ከሄዱት የቤት ሠራተኞች አንዷ ነበረች። በሰው አገር የወለደቻትን ልጅ በአገሯ ስም ጠራቻት። ልጅቷ ድክ ድክ ማለት ስትጀምር፣ በበረዶው ወራት፣ ውብነሽን የሳንባ ምች ገደላት። ነፃነት ሲመጣ ሰዉ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ሕፃኗንም አንዲት የቤቱ ሴት አዝላ ይዛት ገባች። ውብነሽ እዚያው ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ወደ እናታቸው መቃብር የሚወስደው መንገድ አልገጥም እንዳለ ዕድሜ አለፈ። አንዴ አብዮት፣ አንዴ ስደት፣ አንዴ የልጅ ትምህርት። በርባንክ ኤርፖርት ፓርኪንግ ሲሠሩ፣ አውሮፕላን በራሳቸው ላይ በተነሣ ቁጥር ቀና ብለው ይከተሉት ነበር። ጡረታ ወጥተው የሁለት ሰው ትኬት ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ ኩላሊታቸው ደከመ። ዳያሊሲስ የሚሉትን የደም እጥበት ጀመሩ፤ ሐኪሙም ልብዎ በረራ አይችልም ብሎ ከለከላቸው።

«እንግዲያው አንቺ ሂጂልኝ» አሏት ሃይሚን።

አሁን እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን በመዳፋቸው ከደኑት።

«የንጉሡን ዘውድ ተይውና፣ ልጄ፣ አገኘሻት?»

ሃይሚ ልትመልስ አፏን ስትከፍት አስተናጋጇ መጣች። «እትዬ ኢትዮጵያ፣ ምንም አልበሉም እኮ! ሌላ ላምጣልዎት?»

«ጠግቤአለሁ፣ ተባረኪ።»

አስተናጋጇ እስክትርቅ ሃይሚ ናፕኪኑን አጠፈች፤ መልሳ ዘረጋችው።

«መቃብር ቦታውን አገኘሁት። ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገት ላይ ነው። ግን ማሚ... ድንጋይ የላትም። ስሟ የትም የለም። አንድ ሽማግሌ ጠባቂ አለ፣ ደግ ሰው ነው። በጦርነቱ ዘመን ድንጋይ የሚያቆምለት ያጣ ሰው የሚቀበረው እዚህ ነበር ብሎ አንድ ሣር ያለበት ቦታ አሳየኝ። የቷ ጋ እንደሆነች እሱም አያውቅም። ሐውልት እናሠራ ብዬ ነበር፤ ቦታዋ ካልታወቀ የት ላይ ይቆማል? ሶሪ፣ ማሚ።»

ወይዘሮ ኢትዮጵያ ዓመታት ሙሉ በሐሳባቸው ያንን ድንጋይ ሲያጥቡ ኖረዋል። የድንጋዩን ሽበት በጥፍራቸው ሲፍቁ፣ ነጠላቸውን አንጥፈው አጠገቡ ሲቀመጡ። አሁን የሚያጥቡት ነገር የለም።

በመስኮቱ ማዶ አውቶቡስ ቆሞ ሰው አወረደና ሄደ።

«ይቀዘቅዛል?» አሉ በመጨረሻ።

«ምኑ?»

«መሬቱ።»

«በእጄ ነካሁት። ርጥብ ነው። ግን ሣሩ ወፍራም ነው ማሚ፣ አይበርዳትም።»

«ጫማሽን አወለቅሽ?»

«አውልቄአለሁ።»

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ።»

ሃይሚ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ቪዲዮ አንሥቻለሁ። እያለቀስኩ ስለሆነ ላሳይሽ አልፈለግሁም ነበር።»

«አምጪው።»

በስልኩ ላይ ዝናብ ይዘንባል። ዳገቱ አረንጓዴ ነው፤ ከታች ከተማዋ ትታያለች፣ ቤቶቿ ሁሉ የማር መልክ ካለው ከአንድ ዓይነት ድንጋይ የተሠሩ። የሆነች ወፍ ትጮኻለች። ከዚያ የሃይሚ ድምፅ፣ ያንን ሎስ አንጀለስ ያሳደገውን አማርኛዋን እየተጠነቀቀች፦ «አያቴ፣ ሃይሚ እባላለሁ። የኢትዮጵያ ልጅ ነኝ። እሷ መምጣት አልቻለችም። ታማ ነው እንጂ፣ አልረሳችሽም።»

«ድገሚልኝ» አሉ ወይዘሮ ኢትዮጵያ።

በሁለተኛው ዙር ስልኩን ራሳቸው ያዙት። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ሥዕሉን ማየት ትተው ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉት። ያሳደገቻቸውን ሴት እትዬ ሲሉ ነው ያደጉት። ያንን ሌላውን ቃል ልጆች በየደጁ ሲጮኹበት ሰምተዋል፤ ኋላም የገዛ ልጃቸው ማሚ ብላ በራሷ አፍ ለውጣ ጠርታቸዋለች። ከእሳቸው አፍ ግን አንድ ቀን እንኳን ወጥቶ አያውቅም።

«እማዬ» አሉ።

ከጎን የተቀመጠው ሰውዬ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ዞሮ አያቸው።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

ሃይሚ ከጠረጴዛው ሥር ጉልበታቸውን ያዘች። የዝናቡ ድምፅ ጥቂት ቆየና ተቋረጠ፤ የስልኩም ብርሃን ጠፋ። ወይዘሮ ኢትዮጵያ ግን ስልኩን አላወረዱትም። ቀስ ብለው ከአፋቸው ወደ ጆሯቸው አዛወሩት፤ አንገታቸውንም ዘንበል አድርገው ማዳመጥ ጀመሩ።