ከጉድጓዱ በላይ የቆሙት ቀኛዝማች

የድርጅቱ ታሪክ በተነሣ ቁጥር፣ ቀኛዝማች አንዳርጌ የእስቴን የጣውላና የሕንፃ ሥራ በሁለት እጃቸው አቋቋሙት ይባላል። በመጋዝ ሠራተኛነት ሃያ ዓመት ሳገለግላቸው፣ እነዚያ እጆች ከጭራና ከብርሌ በቀር ሌላ ነገር ሲይዙ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው።

በ፲፱፻፵፱ ዓ.ም. ለገዥው አዳራሽ ጣውላ ስናዘጋጅ፣ ግንድ የምንሰነጥቀው ከጉድጓድ በላይ አጋድመን ነበር። እኔ ከላይ ሆኜ መጋዙን ሽቅብ እስባለሁ፤ ኢሳ ከጉድጓዱ ውስጥ ቁልቁል ይጎትታል። አንድ ቀን ኢሳ ማለዳ ዐረፈ። እኅቱ ፋጤ ረፋድ ላይ መጣች።

«ጌታዬ፣ ቀብሩ ዛሬ ነው፤ የሚሸከሙልኝን ሰዎች ይልቀቁልኝ።»

«ሬሳ አይቸኩልም፤ የገዥው አዳራሽ ግን ይቸኩላል» አሉ ቀኛዝማች። «ደግሞስ ጉድጓድ ውስጥ ለመቆም ምን ሙያ ያሻል?»

መሣሪያችንን አስቀምጠን ተነሣን። እሳቸውም ሊያሳፍሩን ካባቸውን ጥለው ግንዱ ላይ ወጡ።

«ያለ ኢሳ ሲሰነጠቅ እዩ!»

መጋዙን ሽቅብ ሳቡት። ወደ ታች ለመግፋት ከመጎንበሳቸው በፊት ቁልቁል ተሳበ። ደግመው ሳቡት፤ ደግሞ ወረደ። ቅዱ እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነበር።

«ማነህ? ልቀቅ!» ብለው ጮኹ። እጃቸው ከእጀታው አልላቀቅ አለ። «ፋጤ፣ ወንድምሽን ተው በይልኝ!»

ፋጤ ጎንበስ ብላ ወደ ጉድጓዱ ተመለከተች። ከሚረግፈው ሰጋቱራ በቀር ማንም አልነበረም።

«ወንድሜ ቤት ነው፣ ጌታዬ፤ ተከፍኖ ተኝቷል» አለች።

እኛም ኢሳን ልንሸከም ሄድን። ቀብረን ስንመለስ መጋዙ ገና ይሰማ ነበር።