ለአረፋ የተገዛው ቆርቆሮ

«ቀስ በል! ጫፉን እንዳታጣምመው!» ጁነዲን ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ ወዛደሮቹ ላይ ይጮሃል። አይሱዙው ላይ የሚጫነው ቆርቆሮ የመርካቶውን ሰባተኛ ሰፈር በኳኳታ ሞልቶታል። የእናቱ ሳር ቤት ፈርሶ፣ ለአረፋ አገር ቤት ሲገባ በዚህ ቆርቆሮ የተሠራ አዲስ ቤት ሊጠብቀው ነው። የመርካቶ ነጋዴ እናት በሳር ቤት! የሱቅ ጎረቤቱና ያገሩ ልጅ ሙህዲን እዚያው መንደር ውስጥ ቪላ ከሠራ ወዲህማ አንገቱን ቀና አድርጎ አያውቅም።

ስልኩ ጮኸ። የእህቱ ልጅ ሀፍሷ ናት፣ ከስልጤ፣ ከመንደራቸው። ኢንተርኔት የገባላቸው ዘንድሮ ነው፤ የኔትወርክ ማማው እንዲተከል ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተውም ራሱ ጁነዲን ነው። ይህንንም ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ተናግሯል።

«ጋሼ፣ ፌስቡክ ላይ የመንደራችንን ገጽ ከፍቼ የለ? እንግዶች አረፋን አብረውን ሊውሉ ነው! ከውጭ አገር!»

«የሙህዲንን ቪላ አይተው ይሆናላ» አለ ጁነዲን፣ ፊቱን ቅጭም አድርጎ።

«ኧረ እሱንማ ለጥፌው ማንም ዞር ብሎ አላየውም። የአያቴን ቤት ሳወጣ ነው መልእክቱ የጎረፈው። እዚያ ካልሆነ አናድርም ብለዋል።»

ወዲያው ፎቶው መጣ። ክቡ ቤት፣ አናቱ ሰማይ የሚነካ፣ የክዳኑ ሳር ዙሪያውን እኩል የተከረከመ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ፤ ጁነዲን ተወልዶ ያደገበትን ቤት ገና ዛሬ አየው። ደረቱ በኩራት ሞላ።

«አውርዱ!» አለ ወደ ወዛደሮቹ ዞሮ።

«አሁን ጭነነው፣ ጋሼ?»

«አውርዱ አልኩ!»

ሙህዲን የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ብቅ አለ። «ምነው ጁነዲን፣ ቆርቆሮው አነሰ እንዴ?»

«ለቪላህ ከፈለግከው ውሰደው» አለና ስልኩን አፍንጫው ስር ደቀነበት።

ሀፍሷ ከመስመሩ አልወጣችም። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ጠይቀዋል። ይህን ቤት የሠራው ማነው ይላሉ። ምን ብዬ ልጻፍ?»

ጁነዲን ስልኩን ወደ ጆሮው መለሰ። አባቱ ያንን ቤት በገዛ እጁ አቁሞ፣ ከመንደሩ ውጭ ስሙን የሚያውቅ ሰው ሳይኖር የሞተ ነው።

«ዛኪር በሽር ብለሽ ጻፊ» አለ በዝግታ። ከዚያ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ እስኪያየው ድረስ ደገመው፦ «ዛኪር በሽር! አባቴ!»