በቤተ ልሔም ደጅ አራት አርብ

ብርሃንን ከጨለማ የለየ፣ ለነፋስ ሚዛን፣ ለመብረቅም ጎዳና የሠራ አምላክ ስሙ ይመስገን። አንደበታችንን ከሐሰት ጠብቆ ይህን ያስነግረን።

ዘካርያስ ከቤተ ልሔም ደብር ደጅ ወደ አርብ ገበያ ከተማ ሰውና እህል ሲያደርስ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ሚኒባሱ አሮጌ ናት፤ ስትነሣ የምታሰማው ጩኸት የድጓ ተማሪዎችን ዜማ ያስታል። ቢሆንም ሌላ መኪና አልነበረምና ደጁ የእርሱ ነበረ።

ኋላ ግን ጥጋቡ የሚባል የወፍጮ ባለሙያ ወገዳ ከተማ ያለውን ቤቱን ሸጠና በባትሪ የምትሄድ መኪና ይዞ መጣ። የእነዚህ መኪናዎች ዋጋ እንደ ቀድሞው ሰማይ የነካ መሆኑ ቀርቶ የገጠር ሰው እጅ ደርሷል። መኪናዋ ድምፅ የላትም፤ የምታስከፍለውም የዘካርያስን እኩሌታ ነው።

«ናፍጣ አትጠጣም፣ ዘይት አትጠይቅም፤ ቁልቁለት ላይ ጎማዋ ሲዞር እንኳ ለራሷ ጥቂት ኃይል ትሰበስባለች፤ ወንበሯ ደግሞ ሲበርድ ይሞቃል» እያለ ጥጋቡ ለገበያተኛው ይዘረዝራል።

«ዳዊትስ አትደግምም?» አለ ዘካርያስ።

ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን ዘካርያስን አላጽናናውም፤ ስድስት ነፍስ የሚያድረው በዚያ ተራ ነው። ስለዚህ ለደብሩ ሽማግሌዎች አቤት አለ።

የድጓው መምህር መሪጌታ ተክለ ማርያም ሁለቱንም ሰምተው ፈረዱ።

«ደጁ ጠባብ ነው፤ ሁለት መኪና አይችልም። አራት አርብ እንይ። ይህች አዲሲቱ በአራቱም ጧት እዚህ ተገኝታ ሰውን ገበያ ያደረሰች እንደ ሆነ ተራው የጥጋቡ ይሁን። አንዲት አርብ ከቀረች ግን ከዚህ ደጅ ትራቅ።»

ሁለቱም መስቀል ተሳልመው ቃል ገቡ።

በሦስተኛው ቀን ነፋስ የመብራት ምሰሶ ጣለ። ከቤተ ልሔም እስከ አርብ ገበያ መብራት ጠፋ፤ መቼ እንደሚመለስም የሚያውቅ አልተገኘም። ዘካርያስ ጧፍ ገዝቶ ለቤተ ክርስቲያን አገባ።

በመጀመሪያው አርብ የጥጋቡ መኪና በነበራት ኃይል ገበያ ደረሰች። በዚያ አገር ገበያተኛ ሲሄድ ከነሸክሙ በመኪና፣ እህሉን ሸጦ ሲመለስ ግን በእግሩ ነው። ዘካርያስ ባዶ ሚኒባሱን እየነዳ ሲመለስ ከከተማው ወጣ እንዳለ ጥጋቡን መንገድ ዳር አገኘው።

«ጋሼ፣ ቆመችብኝ።»

«ዳዊት እየደገመች ይሆናላ።»

መንገድ ላይ የቆመን ሰው አልፎ መሄድ ነውር ነው። ዘካርያስም ማለፍ አልፈለገም፤ ከገበያ የሚመለሰው ሕዝብ ሁሉ ይህን ማየት ነበረበት። መኪናዋን በራሱ ገመድ አሰረና ጥሩምባውን እየነፋ እስከ ቤተ ልሔም ጎተታት። ሴቶቹ ጃንጥላቸውን ዝቅ አድርገው ሳቁ።

መንገድ ሲያጋምሱ ዘካርያስ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ፍሬን ይዘሃል እንዴ? ይህች ትንሽ ነገር እንደ ቋጥኝ ከበደችኝ።»

«እመ ብርሃን ምስክሬ ናት፣ እግሬ ፍሬን አልነካም። ይልቅ ፈጠን ይበሉ፣ ጋሼ፤ እንዳይመሽብን።»

ሚኒባሷ በዚያ ቀን ከልማዷ በላይ ናፍጣ ጠጣች። ዘካርያስ ናፍጣው ተበርዟል ብሎ በሻጩ ላይ አጉረመረመ።

በሁለተኛው አርብ መብራት አልተመለሰም። መኪናዋ ግን ጧት ከደጁ ነበረች። ሰው ጭና ሄደች፤ ስትመለስ እዚያው ቦታ ቆመች፤ ዘካርያስም ጎተታት። በሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ። በየአርቡ «አሁንስ አለቀላት» ብሎ በደስታ ይጎትታታል፤ በየአርቡም ጧት ታጥባ፣ ጸድታ፣ ተሳፋሪ ሞልታ ያገኛታል።

ዘካርያስ እንቅልፍ አጣ። በአካባቢው ጀነሬተር የለም። ያለው በደብሩ ዕቃ ቤት ጣራ ላይ ለድምፅ ማጉያውና ለተማሪዎቹ አምፖል የተተከለው ሶላር ብቻ ነው። ነገሩ ወለል አለለት።

«የቤተ ክርስቲያን ብርሃን እየተሰረቀ ነው፣ የኔታ» ሲል ለመሪጌታ ተናገረ።

የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የሚይዙት እማሆይ አመተ ማርያም ተጠሩ።

«ልጄ፣ ለአምፖሎቹ እንኳ አልበቃ ብሏል። ለመኪና ምን ተርፎን?»

ዘካርያስ አላመናቸውም። ከሱቅ አዲስ ቁልፍ ገዛ፤ በሩን በገዛ እጁ ዘጋ፤ መክፈቻውን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረ። ዐርፎም የተኛው ያን ጊዜ ነው።

በአራተኛው አርብ ጧት መኪናዋ ከደጁ ቆማለች። ገበያም ደርሳ ተመለሰች፤ ማለት ዘካርያስ ጎትቶ መለሳት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከጽድ ዛፉ ሥር ተቀመጡ። ዘካርያስ መክፈቻውን ከአንገቱ ፈትቶ መሬት ላይ አኖረ። ዕቃ ቤቱ ተከፍቶ ታየ፤ የሸረሪት ድር እንኳ አልተነካም።

«ፍርዱ ፍርድ ነው፤ ተራው የጥጋቡ ነው» አሉ መሪጌታ። «ነገር ግን ጥርጣሬ በልባችን እንዳይከርም ተናገር፣ ጥጋቡ። ወሩን ሙሉ መብራት ሳይኖር ከወዴት ሞላሃት?»

ጥጋቡ ተነሣ። አጥቦ የጠቀለለውን የመጎተቻ ገመድ በሁለት እጁ ይዞ ከዘካርያስ ፊት አኖረና እጅ ነሣ።

«ሲጎትቷት ጎማዋ እየዞረ ትሞላ ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።»

ይህን የሰማችሁ ሁሉ፣ ፈጣሪ ከፊታችሁ ያለውን መንገድ ያቅናላችሁ፤ ከኋላችሁ የታሰረውንም ያሳያችሁ፤ አሜን።