ጫማ ያደረገው ልጅ

ልጆቼ፣ አባቴ ወላጆቹ በስደት መንገድ ላይ ሞተውበት በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ ሰው ነበር። እዚያ ቤት ጫማ የሚሰጠው ዘመድ መጥቶ ለሚወስደው ልጅ ብቻ ነበር። «እኔማ በባዶ እግሬ አደግሁ። ግን ዘመድ መጥቶ ቢወስደኝ ኖሮ እናትሽን የት አገኛት ነበር?» እያለ ይስቅ ነበር፤ እናቴም የዚያው ቤት ልጅ ናትና።

የአባቴን ዘር ሳላውቅ እንዳልሞት ብዬ የድሮ ሰነድ የሚቀመጥበት ቤት ሄድኩ። ሠራተኛዋ የማሳደጊያውን ልጆች ፎቶግራፍ አወጣችልኝ። አባቴ ከፊት ተርታ በባዶ እግሩ ተቀምጧል፤ አንድ ጆሮውን ይዟል። ሲጨንቀው እስከ እርጅናው ድረስ እንዲያ ያደርግ ነበር።

«ኮፒ ይፈልጋሉ፣ እማማ? ዝምድናዎን ጽፈው ይፈርሙልኝ።»

«የዚህ ልጁ ነኝ» አልኩ፣ አባቴን በጣቴ እያሳየኋት።

«ታዲያ ይውሰዱታ! ይሄን ሁሉ ዘመን እኮ ጠብቆዎታል» አለች እየሳቀች።

ፎቶግራፉን ዳሰስ አድርጌ «መጥቼልሃለሁ፣ አባዬ፤ ና እንሂድ» አልኩና ፈረምኩ።

ኮፒውን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ስታኖረው አባቴ ጫማ አድርጓል። ጆሮውን ለቆ ይስቃል። መነጽሬን ወልውዬ ደግሜ ባየው፣ ቦታው ባዶ ነው። ከኋላዬ፣ በኮሪደሩ፣ አዲስ ጫማ ቋ ቋ ሲል ሰማሁ። የሕፃን እርምጃ ነው፤ ወደ ውጭ ይሄዳል።

ሠራተኛዋ ኮፒውን አንስታ ክፍሉን ቃኘች።

«ማነው ደግሞ ይሄን አዝዞ ጥሎት የሄደው?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አልኳት፣ እፊቷ ተቀምጬ።

መብራቱን አጥፍታ በሩን ቆለፈች።