የማሪ መታጠቢያ

ሚጣ የኬክ ቤቱን የጓዳ በር በትከሻዋ ገፍታ እያለከለከች ትገባለች። "እታለም፣ አባዬ ሽታው ደስ ይላል አለ።"

አባዬ ያለውማ ሌላ ነው። "የህክምና ትምህርቷን ጥላ የወጣችው ለዚህ ነው በያት" ነው ያለው። ግን ቃሉን እንዳለ ማን ደፍሮ ያደርሳል? እህቷ ከቤት ከወጣች ዓመት አልፏታል፤ አባዬ ዛሬ ገና እግሩ መርቶት መጥቶ ደንበኞች መሃል ኩርፍ ብሎ ተቀምጧል። ዛሬ ሳይነጋገሩ ከሄደ አበቃ፣ ሁለተኛ አይመጣም። ሚጣ አባቷን ታውቀዋለች።

እህቷ ከምታቀልጠው ቸኮላት ላይ ቀና አትልም። "ውሸታም። አባዬ ደስ ይላል ብሎ አያውቅም።"

"እሺ፣ አላስጠላውም።"

"እሱ ይሻላል። ሥራ ላይ ነኝ በይው። ሐኪምም ብሆን በሥራ ሰዓት አልጠራም ነበር በይው።"

ሚጣ ትሮጣለች። ሲያመላልሷት እግሯ ቀጠነ እኮ! "አባዬ፣ መጣሁ ትልሃለች።"

"መጣሁ መጣሁ..." ብሎ ብድግ ይላል። ሄደ በቃ! ግን ወደ ውጭ አይደለም፣ ወደ ጓዳው ነው።

በሩ ላይ ይቆማል። ድስት ውስጥ ውሃ ይንተከተካል፣ ድስቱ አፍ ላይ ጎድጓዳ ሳህን ተቀምጧል፣ ቸኮላቱ እሱ ውስጥ ነው። አባዬ ያያል፣ ያያል፣ ከዚያ ወደ ሚጣ ዞሮ፣ "ለምን እሳቱ ላይ እንደማትጥደው ጠይቂያት" ይላል። እህቷ እኮ እጁን ቢዘረጋ ይነካታል።

"እሳት ከነካው ያርራል በይው። በውሃው ሙቀት ነው የሚቀልጠው። ቤን ማሪ ይባላል፣ ፈረንሳይኛ ነው፣ የማሪ መታጠቢያ ማለት ነው በይው።"

"ማናት ማሪ በያት።"

"ድሮ ድሮ ማዕድን ስታነጥር የኖረች ሴት ናት ይላሉ። ነገር በውሃ ሙቀት ቀስ እያሉ ማብሰልን የጀመረችው እሷ ናት አሉ።" በይው ማለቱን ረሳችው። ሚጣ ግን ትንፍሽ አትልም።

"ሴት ልጅ፣ ማዕድን?"

"አዎ።"

አባዬ ጉሮሮውን ይጠርጋል። "አባቷስ ምን አለ?"

የእህቷ ማንኪያ ቀጥ ይላል።

"እሱን የጻፈው የለም።"

አባዬ ጠጋ ብሎ በሳህኑ ስር ያጮልቃል። "ውሃው እያለቀ ነው።"

ሚጣ ልታስተላልፍ አፏን ትከፍታለች። እህቷ ግን ሳህኑን ከነቸኮላቱ አንስታዋለች።

"ጠብታ እንዳይገባበት፣ አባዬ። ጠብታ ካገኘው ይበላሻል።"

አባዬ ማንቆርቆሪያውን ያነሳል። በአንድ እጁ ሳህኑን ይከልላል፣ በሌላው ቀስ አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ውሃውን ያንቆረቁራል።